በሥራ ሰዓት የሚሞላው ባሕር

ከስቶክሆልም በስተደቡብ፣ ስሟን ለክብሯ ስንል የማንጠራት አንዲት ኮሙን፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደር፣ አለች። ተፈጥሮ ለብዙ ሺህ ዓመት የዘነጋችውን ጉዳይ በአንድ ከሰዓት ስብሰባ፣ ያውም ፊካ የሚሏትን የቡና ዕረፍቷን ሳታጥፍ ያረመች ኮሙን ናት።

የውሃ ክፍል ኃላፊው ክርስቲያን ለሦስት ቀን የሥራ ጉብኝት ሆላንድ ደርሶ መጣ። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ሲሸሽ፣ ጭቃው ላይ ወፍ ሲርመሰመስ አይቶ ልቡ ተነካ። ተመልሶ የኮሙኑን የባሕር ዳርቻ ረግረግ ቢያየው ውሃው ዝም ብሎ ተኝቷል። በጃንዋሪ ወር «የባሕር ሙላትና ሽሽት መልሶ ማቋቋሚያ ፕሮጀክት» የሚል ሰነድ አቀረበ፤ ሁሉም እጁን አወጣ።

ሙፈሪሃት ብቻ ዘገየች። የሥነ ሕይወት ባለሙያ ናት፤ ስቶክሆልም ዳርቻ ፍሌሚንግስቤሪ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ቅጥሯ የስድስት ወር ሙከራ ሲሆን ገና ሁለተኛ ሳምንቷን መያዟ ነበር።

«ክርስቲያን፣ ባልቲክ እኮ ሙላትና ሽሽት የለውም። አለው ከተባለም ጥቂት ጣት ነው።»

«መልሶ ማቋቋም ያስፈለገውስ ለዚህ አይደል?»

«ኖሮት የማያውቀውን እንዴት እንመልስለታለን?»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ክርስቲያን። በዚያ ቢሮ ይህ ማለት ጥያቄው በክብር ተቀበረ ማለት ነው። ሙፈሪሃት አካላ በሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር የሚጠብቋትን እናቷንና ገና ያልጸናውን ቅጥሯን አስባ እጇን አወጣች። ሌሊቱን ግን በራሷ ስትናደድ አደረች።

በማርች ፓምፕ ተተከለ። ረግረጉ በግድብ ታጠረ፤ ፓምፑ ውሃውን ወደ ባሕር ይመጥጣል፣ የግድቡ መዝጊያ ሲከፈት ደግሞ ውሃው ይመለሳል። ለዚህ ታላቅ ኃላፊነት የተመረጡት ሐይቅ ዳር፣ ወሎ ያደጉት የኮሙኑ ጥገና ሠራተኛ ዘይኑዲን ናቸው። ማዕረጋቸው «የሙላት ኦፕሬተር» ሆነ። ቅዳሜና እሁድ ባሕሩ ዝግ ነው። የበጋ ሰዓት ሲገባ ባሕሩም አንድ ሰዓት ቀደመ።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ትላቸዋለች ሙፈሪሃት።

«ጠዋት ባሕር ሞላሁ፣ ከምሳ በፊት አጎደልኩ። ከምሳ በኋላ ደግሞ እንዲሁ። አላህ ይማረኝ እንጂ ልጄ፣ ይሄ የኔ ሥራ አልነበረም።»

በኤፕሪል አንድ ቀን ዘይኑዲን ደወሉላት። ሮጣ ደረሰች። የስዊድን ሰዎች የዳ የሚሉት አዳኝ ዓሣ፣ ክንድ የሚያህለው፣ በመዝጊያው ገብቶ ቁርጭምጭሚት በማይሸፍን ውሃ ውስጥ ጀርባውን አውጥቶ ይንቦጫረቃል። አንድ ብቻ አይደለም፤ ረግረጉ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ዘይኑዲን ጎንበስ ብለው ሣሩን በጣታቸው ገለጥ አደረጉ። እንቁላሉ እንደ ዶቃ ተለጥፎበታል።

«ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው፤ የማጉደያው ሰዓት ደርሷል» አሉ ሰዓታቸውን አይተው። «ላጎድልበት?»

ውሃው ከሸሸ እንቁላሉ የምሳ ሰዓት ሳያልፍ ይደርቃል።

«አያጉድሉ፣ ጋሽ ዘይኑ። ፓምፑ ተበላሽቷል ይበሉ።»

«እንዴ! በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ?» ተቆጡ። ከዚያ የፓምፑን ሳጥን ከፍተው ፊውዙን ነቀሉና ኪሳቸው ከተቱት። «አሁን ተበላሸ።»

መዝጊያውንም ገቢና ወጪው እንዲተላለፍ ከፍተው ተዉት።

በጁን መጀመሪያ ከክፍለ ሀገሩ አስተዳደር የመጡ እንግዶች ረግረጉን ጎበኙ። ሣሩ ውስጥ የዓሣ ጫጩት እንደ መርፌ ይብለጨለጫል፤ ወፉ ለጉድ ነው። ክርስቲያን ቋጥኝ ላይ ወጥቶ፣ ይህ ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ ያለመታከት የተካሄደው የሙላትና ሽሽት ቴክኖሎጂ ውጤት መሆኑን አብራራ። ተጨበጨበ። ኮሙኑ በአርአያነት እንዲመዘገብ ተወሰነ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሙፈሪሃት ከዚህ በላይ መሸከም አቃታት።

«ክርስቲያን፣ ፓምፑ ከኤፕሪል ጀምሮ ቆሟል። ያስቆምኩት እኔ ነኝ።»

ክርስቲያን ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ። ዙሪያውን ቃኘ።

«ማን ያውቃል?»

«ዓሦቹ።»

«እንግዲያው ነገ ይጠገን! ውጤቱ መቀጠል አለበት።»

የሙከራ ቅጥሯ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። ሙፈሪሃት ትንፋሿን ሳበችና በአምስት ወር ውስጥ በቢሮው የተማረችውን ቋንቋ አወጣችው።

«መጠገኑስ ይጠገን። ግን ጥገናው በተመዘገበው ውጤት ላይ ሊያስከትል የሚችለው ተጽዕኖ ሳይጠና? የሥራ ቡድን ሳይዋቀር? የባለድርሻ አካላት ምክክር ሳይካሄድ?»

የክርስቲያን ዓይን እንባ አቀረረ። እንደዚህ ያለ ንግግር ከወጣት ባለሙያ ሰምቶ አያውቅም።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ከተቻኮልን ስድስት ዓመት።»

በማግስቱ ሙፈሪሃት በቋሚነት ተቀጠረች፤ «የፓምፕ ጥገና ቅድመ ጥናት አስተባባሪ» ተባለች። የመጀመሪያው ስብሰባ የሁለተኛውን ስብሰባ ቀን ለመወሰን ሞክሮ፣ ነገሩ ጥልቅ ሆኖ ስላገኘው በይደር ተለያየ።

ወሬውን ለዘይኑዲን ልትነግራቸው ረግረጉ ዳር ወረደች። ሽማግሌው ሁሉንም በጥሞና አዳመጧት።

«አብሽሪ ልጄ» አሏት። «በርትታችሁ አጥኑ። ብቻ አደራ፣ እንዳትጨርሱት።»