በማሪቪክ ሳንባ ላይ ለመወሰን የተጠራ ስብሰባ

ቀን፦ አርብ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2018
ቦታ፦ ካናዳ፣ ዊኒፔግ፣ የክሪሳንቶ ሱቅ ጓዳ፣ በሩዝ ጆንያዎቹ መካከል
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡40 (የተጠራው ለ8፡00 ነበር)

የፊሊፒንስ ኢሎኮስ ተወላጆች መረዳጃ ማኅበር የአዲስ መጤዎች አቀባበል ኮሚቴ አምስት አባላት አሉት፤ ሦስቱ ከተገኙ ምልዓተ ጉባኤ ይሟላል። ዛሬ አምስቱም ተገኝተዋል። ኮሚቴው ከተመሠረተ ወዲህ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ወሬው ቀድሞ መድረሱ ነው።

የተገኙ፦
ማናንግ ፍሎርዴሊዛ አግባያኒ፣ «ማናንግ» በአክብሮት «ታላቅ እህት» ማለት ነው፣ ሊቀመንበር
ማኖንግ ኔሜሲዮ ጋላፖን፣ «ማኖንግ» ደግሞ «ታላቅ ወንድም»፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ምክትል
ማናንግ ፐርሊታ ዱምላዎ፣ የምግብ ዝግጅት ኃላፊ
ሮሜል ፓስኩዋ፣ የመዘምራን ተጠሪ፣ እዚሁ ዊኒፔግ የተወለደ
ክሪሳንቶ ካባንባን፣ ባለሱቅና ጸሐፊ። የማኅበሩ መዝገብ የት እንደገባ ስላልታወቀ ይህ የተያዘው በግል ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ነው።
በእንግድነት፦ ማሪቪክ ባልዶስ፣ አገር ከገባች ሠላሳ ቀኗ

ጉዳዩ፦ ማሪቪክ ከስምንት ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ይዟት፣ መድኃኒቷን ጨርሳ ድናለች። ስትገባ የተሰጣት ወረቀት በሠላሳ ቀን ውስጥ ለጤና ቢሮ ደውላ ለክትትል እንድትመዘገብ ያዛል። ሠላሳኛው ቀን ዛሬ ነው፤ ቢሮው 10፡30 ላይ ይዘጋል። እስካሁን አልደወለችም፤ የአክስቷ ልጅ «የደወለ ወደ አገሩ ይመለሳል» ብሏታል። ወደ ኮሚቴው የመጣችው አንድ ጥያቄ ይዛ ነው። ጥያቄው በአጀንዳ ስላልተያዘ ለ«ልዩ ልዩ» እንዲቆይ ተደረገ።

አጀንዳ 1፦ እንግዳዋ የት ትቀመጥ

ሮሜል አየር እንዲገባ መስኮቱ ይከፈት የሚል ሐሳብ አቀረበ። እንግዳዋ «ድኛለሁ እኮ» አለች። ሊቀመንበሯ «እናውቃለን የኔ ልጅ፣ ለጥንቃቄ ያህል ነው» ሲሉ መለሱላት። ከረጅም ውይይት በኋላ መስኮቱ እንዲከፈት ተወሰነ። ውጭው ከዜሮ በታች 27 ነበር።

በስድስተኛው ደቂቃ የጸሐፊው ሰላጣ በረዶ ሠራ። ማኖንግ ኔሜሲዮ የሰጡት አስተያየት ጥርሳቸው ስለተንቀጫቀጨ ሊመዘገብ አልቻለም። ማናንግ ፐርሊታ «የሷ ሳንባ ደህና ነው፤ የኔ ግን ከዚህ መስኮት አይተርፍም» አሉ። እንዲዘጋ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የምግብ መሸጫው

እንግዳዋ ሰኞ በጸሐፊው ሱቅ የምግብ መሸጫ ላይ ሥራ ትጀምራለች። ጸሐፊው ደንበኛ ከሚሸሽ ሠራተኛ ቢቀር ይሻላል ብሎ አስልቶ የሚከተለውን አረቀቀ፦ «እንዲህ ያለ ወረቀት የተሰጠው ማንኛውም ሰው፣ አባላት በሚሰበሰቡበት፣ በሚበሉበትና በሚሸምቱበት ቦታ ለአንድ ዓመት አይገኝ።» ቀዳዳ እንዳይኖረውም «መቼም ይሰጠው መቼ» የሚል ሐረግ ጨመረበት። ስለ ጥንቃቄው ተመሰገነ። አምስት ለዜሮ አለፈ።

እንግዳዋ ሰዓቷን አየች።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

9፡52 ላይ ለእንግዳዋ ዕድል ተሰጣት። «ከናንተ ውስጥ ሄዶ ያየ ሰው አለ? ምንድን ነው የሚያደርጉት? ይመልሱኛል?» ስትል ጠየቀች።

ሮሜል መንግሥትን በደብዳቤ እንጠይቅ፣ መልሱ በአንድ ወር ይደርሳል አለ። እንግዳዋ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሣች። «በቃ ይቅር። አልደውልም። ካልፈለጉኝ አያገኙኝም» አለች።

ማናንግ ፐርሊታ «ቁጭ በይ! እኔ ሄጃለሁ» አሉ። «ራጅ አነሱኝ። አክታ ስጪ ብለው ዕቃ ሰጡኝ። ነርሷ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ሦስቴ ተመላለስኩ፣ አለቀ። ይኸው አሥራ ሰባት ዓመቴ፤ ማን መለሰኝ?»

ማኖንግ ኔሜሲዮ «ታዲያ ያን ዕለት ክሊኒኩ ውስጥ ሳገኝሽ እህቴን ላደርስ ነው አላልሽኝም?» ብለው ጠየቁ።

«አንተስ? የአውቶቡስ መስመር እያጠናሁ ነው አላልክም? በወንበር ላይ ተቀምጠህ!» አሉ ማናንግ ፐርሊታ።

«ጥግ ላይ ማናንግ ፍሎርዴሊዛም ነበረች። መጽሔት ገልብጣ ይዛ ታነብ ነበር» አሉ ማኖንግ ኔሜሲዮ።

ሊቀመንበሯ መጽሔቱ ጥሩ እንደነበረ ገለጹ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው እየጻፈ መሆኑን አስታወቀ። ማናንግ ፐርሊታ «ብዕሩን አስቀምጥ ክሪሳንቶ» አሉ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ «እኔም» ብሎ እጁን አወጣ።

በአጀንዳ 2 ውሳኔ መሠረት አራት አባላት ከስብሰባው እንዲወጡ፣ ጸሐፊውም ከገዛ ሱቁ ለአንድ ዓመት እንዲታገድ ሆነ። ብቻውን የቀረው ሮሜል ራሱን ለሊቀመንበርነት ጠቆመ፤ የሚደግፍ አልተገኘም፤ የወጣም የለም።

10፡17 ላይ ማሪቪክ በሱቁ ስልክ ደወለች። ማናንግ ፐርሊታ ክርኗን ይዘዋት ነበር። ነርሷ ሳልና ትኩሳት እንዳላት ጠየቀቻት፤ የለኝም አለች። የድሮውን ራጅ ይዛ ማክሰኞ አራት ሰዓት እንድትመጣ ተነገራት።

ማሪቪክ «ትመልሱኛላችሁ?» አለች።

ነርሷ «ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ደህና መሆንሽን ለማየት ነው እንጂ» አለቻት።

«ሰኞ ሥራ ልጀምር?»

«ጀምሪ እንጂ።»

ማሪቪክ ስልኩን ዘጋች። መዘጋቱን ለማረጋገጥ አንስታ እንደገና ዘጋችው። ከዚያም ጆንያው ላይ ተቀምጣ በረጅሙ ተነፈሰች፤ መስኮት ይከፈት ያለ የለም።

ማጠቃለያ፦ ከአጀንዳ 1 ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ሊቀመንበሯ ስለ ክሊኒኩ የተባለውም ይሰረዝ አሉ፤ ሦስት አባላት ፈጥነው ደገፉ፤ አንዱ ጸሐፊው ነው። ማሪቪክ «አትሰርዙት። በሚቀጥለው ወር የምትመጣዋ ማንን ትጠይቅ?» አለች።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ተሽሮ፣ ክትትሉን ሄደው የጨረሱት አባላት ስም ብቻ እንዲቆይና ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ሁሉ እንዲነገር ተወሰነ። ጸሐፊው መጀመሪያ «ሦስት አባላት» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ማናንግ ፐርሊታ ከኋላው ቆመው ስላነበቡ «አራት» ተብሎ ታርሟል።

ስብሰባው 10፡36 ላይ ተበትኗል።