አማቴና የሕፃኗ ጋሪ

ዛሬማ የሕፃን ጋሪ ሲያልፍ ማን ዞሮ ያያል? በጃንሆይ ጊዜ ግን፣ ያውም ኮልፌ! ልጄን ብርቄን አስተኝቼ ጋሪዬን እየገፋሁ ብቅ ስል ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጣ። ግማሹ ሊያይ፣ ግማሹ ሊስቅ። አንዷ ጎረቤቴማ፣ ምነው እቴ፣ ጀርባሽን ሸጥሽው እንዴ? ብላኛለች።

ጋሪውን ያገኘነው ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆኖ ይሠራላቸው ከነበሩ ፈረንጆች ነው። ወደ አገራቸው ሲገቡ ትተውለት ሄዱ። ለኔ ደግሞ የእግዜር ስጦታ ነበር። ብርቄን ከወለድኩ ወዲህ ወገቤ ልጅ ማዘል አልችልም ብሎ አምጿል። መርካቶ ያለችኝ የክር መደብ ደግሞ እኔ ካልተቀመጥኩባት ሌላ ሰው ይቀመጥባታል። ጋሪው ካልሄደ እኔም አልሄድም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አማቴ እትዬ ደስታ ግን አልዋጥላቸው አለ። ደቃቃ ናቸው፤ ምላሳቸው ግን፣ አቤት! ልጅ የሚያድገው ጀርባ ላይ ነው፣ ፊቷን ለሰማይ አስጥተሽ ለቡዳ ልታስበያት ነው ወይ? አሉኝ። በመጨረሻ ፈረዱ። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ይኼ ነገር በአውቶቡስ መርካቶ ከደረሰ ይኑር፣ ካልደረሰ ለቆራሌው ይሰጣል፣ አንቺም አርፈሽ ቤትሽ ትቀመጫለሽ አሉ። ከሳሹም ዳኛውም እሳቸው! «እሺ እማዬ» ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

በማግስቱ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ፌርማታው ላይ ደረሰ። ትኬት ቆራጩ ጋሪውን ሲያይ፣ ዕቃ አይገባም! አለ። እኔስ አፌ መች ይያዛል? የምን ዕቃ፣ ሰው ተኝቶበት የለም ወይ? አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየ። ብርቄ አዛጋችለት። ራሱን አከክ አከክ አደረገና፣ እሺ፣ ሰው ካለበት ይሁን፣ ባዶ ከሆነ ግን ዕቃ ነው ብሎ አስገባን። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ደስታዬ አንድ ፌርማታ እንኳ አልዘለቀም። የኛን ሰው ታውቁት የለ? አውቶቡስ ውስጥ ልጅ አይቶ ዝም ይላል? አንዷ፣ የኔ ቆንጆ፣ እስቲ ልያዝልሽ ብላ ብርቄን ብድግ! እሷ አጠገቧ ላለችው፣ ያቺ ደግሞ ከኋላ ለተቀመጡት ሼህ። እሳቸውም ቢስሚላህ ብለው ተቀበሉ፣ መረቁና ለቀጣዩ አቀበሉ። ልጄ ከጭን ወደ ጭን ስትተላለፍ የመጨረሻው ወንበር ደረሰች። ደግነት ነው፣ ምን ይደረጋል? በዚያ ጭንቅንቅ ማን ሄዶ ይመልሳት?

ትኬት ቆራጩ ዞር ቢል ጋሪው ባዶ! በይ ዕቃሽን አውርጂ አለ። ሾፌሩም አቆመ። አለቀልኝ። መደቤ ላይ ሌላ ሰው ክር ሲዘረጋ ታየኝ፤ እንባዬ መጣ። አማቴን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

ትኬት ቆራጩ የጋሪውን እጀታ ሲይዝ እትዬ ደስታ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። የልጅ ልጄን አልጋ ማን አባቱ ነው የሚያወርደው! አሉና ጋሪው ውስጥ ቁጭ! ፈረንጅ ሲሠራው ሰፋ አድርጎ ነው፤ ልክክ አሉበት። «ይኸው፣ ሰው አለበት አይደል? ንዳው!»

አውቶቡሱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ሼሁ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ትኬት ቆራጩም እየሳቀ፣ እማማ፣ ብቻ እግርዎን ይሰብስቡልኝ አለ። መርካቶ ስንደርስ አማቴ መቼ ከጋሪው ሊወርዱ! ከጭን ወደ ጭን ተመልሳ የመጣችውን ብርቄን ታቅፈው፣ እኔ እየገፋኋቸው፣ ነጋዴው ሁሉ ቆሞ እያየን መደቤ ደረስን። ያን ቀን ክሬን ስዘረጋ ደረቴን ነፍቼ ነው።

የቆራሌው ነገር ዳግመኛ አልተነሳም። በነጋታው ጠዋት ብርቄን ጠቅልዬ ብወጣ፣ አማቴ ቀድመውኝ ጋሪው ውስጥ ተሰይመዋል። ታዲያ እማዬ፣ ልጅቷስ? አልኳቸው።

«እሷንማ» አሉ፣ «አውቶቡሱ ይይዝልሻል!»