መንገደኛ ሳይደርስ አይጠረግም

ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስልክዎን ቢጠይቁ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ይልዎታል። የመካኒሳዋን ጎረቤቴን እትዬ አስካለን ቢጠይቁ ግን ርቀቱ የሚለካው ቤት ሳይጠረግ በሚቆይበት ጊዜ ነው። መንገደኛ ሳይደርስ ቤት መጥረግ መንገደኛውንም አብሮ መጥረግ ነው የሚሉ እናቶች አልገጠሙዎትም?

ልጃቸው ሄለን ጠዋት ለሥልጠና ወደ ደቡብ አሜሪካ ስትሄድ ሸኚው ሁሉ ፈንዲሻውን ምንጣፉ ላይ በትኖ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጎራ ብዬ ላግዛቸው መጥረጊያ ባነሳ እትዬ ጮኹብኝ።

«አንቺ ልጅ! ልጄ ገና ውቅያኖስ ላይ ናት፤ ልትጥያት ነው?»

«እትዬ፣ አውሮፕላኑን የሚያበረው እኮ ፓይለቱ ነው» አልኩ በቀስታ።

«እሱ ያብር፤ እኔ ደግሞ ልያዛት!»

መጥረጊያውን መለስኩላቸው። ያን ሁሉ ሰው የጫነ ብረት፣ ከዚያ ሁሉ ውኃ በላይ፣ ባልተጠረገ ወለል ተደግፎ ሲሄድ ታየኝ።

ሲመሽ ሄለን ደወለች። «እማዬ፣ ሳኦ ፓውሎ በሰላም ገባሁ!»

እትዬ እልል ብለው መጥረጊያውን አቀበሉኝ። ልጀምር ጎንበስ ስል ሄለን ቀጠለች፤ «አሁን ወደ ቦነስ አይረስ የሚወስደኝን አውሮፕላን እየጠበቅኩ ነው። እሱ እንኳን ቅርብ ነው፣ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው።»

እትዬ መጥረጊያውን አዩ፣ ከዚያ እኔን። እኔ ዲግሪ አለኝ የምለዋ መጥረጊያውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩና አንዲት ፈንዲሻ እንኳን እንዳላንቀሳቅስ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ወጣሁ።