የጋሽ ይመር ጆሮ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ መጨረሻ የሚሰማው ራሱ ነው ለማለት ነው፤ እውነትም ነው። እኔ ግን የባሰበት ጆሮ አውቃለሁ። ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለጎረቤት ባዳ ሆኖ ለአንድ ሞተር ብቻ ዘመድ የሆነ ጆሮ። ከሚሴ ያደጋችሁ የማንን እንደማነሣ ገብቷችኋል። ያልገባችሁም ግድ የለም፣ ቁጭ በሉና ላውራችሁ።

ጋሽ ይመር የሰፈራችን ባለወፍጮ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከናፍጣ ሞተር አጠገብ ቆመው ስለጨረሱ ሰው ሲያናግራቸው አይሰሙም። ሰላም ብትሏቸው በአገጫቸው ወደ ሚዛኑ ይጠቁሟችኋል። የወፍጮው ድንጋይ ደንዝዞ መወቀር ሲያምረው ግን መስጊድ ተቀምጠው ያውቃሉ። ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ትንሽ ከላላማ ምሳቸውን ትተው ይነሣሉ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ የናፍጣ ወፍጮ ጭስ ማውጫ ጫፉ ላይ ቆርቆሮ ይታሰርበታል፣ ከሩቅ እንዲጣራ። የጋሽ ይመር ወፍጮ «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ኮቱ» ይላል እንል ነበር፤ በኦሮምኛ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» መሆኑ ነው። ጨፋ ሜዳ ድረስ ይሰማል። እናቴ ያንን ስትሰማ ማሽላውን ታሸክመኛለች፤ ካልተሰማ ወፍጮው አይሠራም ማለት ነው።

ልጃቸው ጀማልና እኔ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። መንዙማ የሚገለብጥባት አንዲት ቴፕ ነበረችው። አንድ ቀን ባዶ ካሴት ከትቶ የአባቱን ወፍጮ ሲቀዳ ተገኘ። ሰፈሩ አበደ አለ፣ እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ አዲስ አበባ ገባ፣ እንደምንም ኮምፒዩተር ገዛ፣ ለዘፋኞች ሙዚቃ ማቀናበር ጀመረ፣ እንጀራ ወጣለት። እዚያ ላይ ቢያቆም ማን ምን ይለው ነበር? አላቆመም። የገዛ ራሱን ነገር መሥራት ያዘ፤ ግጥም የለው፣ ክራር የለው፣ ዘፋኝ የለው። የሰንበቴ ገበያ ግመል ያጉረመርማል፣ የቦርከና ውሃ ይፈሳል፣ ከሁሉ በላይ ያ ወፍጮ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ ተገልብጦ ይጣራል። ፈረንጆቹ ወደዱለት። ጠርተው ወስደውት በትልቅ አዳራሽ ሲያሰማ ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ አሉ። እኔ እንኳ ወፍጮ ቤት ዓይኔን የምጨፍነው ዱቄት እንዳይገባብኝ ነበር።

ጀማል ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ይልቅ የሚፈልገው አንድ ሰው ነበር። አባቱ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሥራውን እስከ መጨረሻው እንዲሰሙለት። በየዓመቱ ለአረፋ ሲመጣ ይዞላቸው ይመጣል። «ዘፈን ነው?» ይሉታል። አይደለም ይላል። «መንዙማ ነው?» እሱም አይደለም። «እንግዲያ እህል ይጠብቀኛል» ብለው ይነሣሉ። ልጅዎ ምን ይሠራል ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው «ኮምፒዩተር ይጠግናል» ነበር። ይህን ሲነግረኝ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበርና አንጀቴን በላው።

ኋላ የናፍጣው ሞተር አረጀና ጋሽ ይመር በመብራት የሚሠራ ተከሉ። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ንጹሕ ነገር። ንጹሕነቱ ጉድ አፈላባቸው። ሴቶቹ ድምፅ ስላልሰሙ ተዘግቷል ብለው አህያቸውን እየነዱ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ናፍጣ ወፍጮ ያልፋሉ። ጋሽ ይመር በር ላይ ቆመው ያዩዋቸዋል። ያን ጊዜ እንዴት እንደከሱ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጀማል ለአረፋ ሲመጣ ይህን አየ። ጣራው ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቀለ፣ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘው፣ ያንን ፈረንጅ ዓይኑን የጨፈነለትን ሥራ ከተተበት። «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ኮቱ!» በሁለተኛው ቀን ሴቶቹ ተመለሱ። አጃኢብ ነው፤ ውጭ አገር የተጨበጨበለት ሙዚቃ ከሚሴ ላይ ማሽላ ጠራ። ጋሽ ይመር ግን እንደ ልማዳቸው ከወፍጮው ጋር ናቸው፤ ጠዋት ከፍተውት ይገባሉ፣ ማታ ያጠፉታል፣ በቃ።

በአራተኛው ቀን እኔም ጥሪውን ሰምቼ ማሽላዬን ይዤ ሄድኩ። ስደርስ አሥር የምንሆን ሴቶች በር ላይ ቆመናል፣ ውስጥ ድንጋዩ ጸጥ ብሏል። መብራት ጠፍቷል። ጣራው ግን ነይ፣ ነይ ይላል። «ወፍጮም እንዲህ ይዋሻል?» አለች ከሮቢት የመጣች አንዷ ሴት፣ እውነቷን ነው፣ ስንት መንገድ ተጉዛ። ጀማል በጩኸታችን ደንግጦ ከቤት እየሮጠ መጣና ሊያጠፋው እጁን ሲሰድድ፣ «ተው» የሚል ድምፅ ሰማን።

ጋሽ ይመር ከጣራው ክፈፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አንገታቸው ዘንበል ብሏል። መብራቱ ሲጠፋ፣ ስንት ዘመን ያልቀመሱት ጸጥታ ሲመጣ፣ ራሳቸው ከመጀመሪያው አስጀምረውት ነው ለካ። እኛንም በእጃቸው ዝም አሰኙን። እህላችንን አስቀምጠን አደመጥን። ጀማል ከግድግዳው ተጣብቆ የአባቱን ፊት ያያል፤ እኔ የእሱን አያለሁ።

ሲያልቅ ጋሽ ይመር ቀና አሉ።

«ከመሃል ላይ ቺንጋው ላልቷል» አሉ። «ማነው ያላላው?»

«እኔ ነኝ አባ። በኮምፒዩተር። ሆን ብዬ ነው።»

«ሆን ብለህ?» አሉና ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። «ሌላው ደግ ነው። የኔው ሞተር ነው፣ አንድም አልሳትክ። ቺንጋ ግን ይጠበቃል እንጂ አይላላም።»

ጀማል እየሳቀ አለቀሰ፣ ወይም እያለቀሰ ሳቀ። እኛም መብራቱ እስኪመጣ ተቀምጠን ሁለት ጊዜ አስደገምነው፤ የሮቢቷ ሴትዮ ሦስተኛውንም ጠይቃ ነበር።

በማግስቱ አንድ መንገደኛ ልጅዎ ምን ይሠራል ብሎ ሲጠይቃቸው በጆሮዬ ሰማሁ። «ሞተር ያስነሣል» አሉ።

ጀማል ያንን ሥራ በኋላ እንደገና አሳትሞታል። ፈረንጆቹ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ያ መሃል ላይ የሚላላው ቦታ ነበር አሉ፤ የት ሄደ ብለው ጠየቁት።

«አባቴ አጠበቀው» አላቸው።