የአባቴ ሱሪና የሾፕ በርጩማ

እኔ የምለው፣ የዘንድሮ ሰው ቁልፍ መትከል ረሳ እንዴ? ባለፈው ሰሞን ኦሎምፒያ ካፌ ቁጭ ብለን፣ አብሮኝ የሚሠራ ጎረምሳ የእጅጌው ቁልፍ ዱብ አለችበት። «በቃ፣ ይሄ ሸሚዝ አለቀለት» አይልም? ቁልፏ እኮ ጠረጴዛው ላይ ናት! ቦርሳዬ ውስጥ መርፌና ክር አለኝ ስለው የሳቀብኝ ሳቅ! እጁን ያዝ አድርጌ ስተክልለት ግን ሳቁን ዋጠ። «ጋሼ፣ የት ተማሩት?» አለኝ።

ትምህርት ቤት ነዋ!

እኛ ካዛንቺስ ስንማር፣ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ወንዱ እንጨት ሥራ፣ ሴቷ ሆም ኢኮኖሚክስ ነበር የሚመደቡት። እንጨት ሥራውን ሾፕ ነው የምንለው። የኔ ስም ደግሞ ስንታየሁ ነው። ስንታየሁ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። መዳቢው ማን እንደነበር እንጃ፣ ብቻ ሴት አደረገኝ። አስተካክሉልኝ ብዬ ብሄድ፣ ሾፕ ሞልቷል፣ ዘንድሮን እንደምንም ቻለው ተባልኩ።

ክፍላችን ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረ፤ አይሠራም እንጂ። ስለዚህ ኬክ የምንጋግረው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ቲቸር የሺ በጠመኔ ይስሉታል፣ እኛ እንገለብጠዋለን። ማለቴ፣ ደብተር ላይ። ስፌቱ ግን የእውነት ነበር። መርፌ መብራት አይፈልግማ! ቲቸር የሺ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። የተወላገደ ስፌት ካዩ ግን ትርትር አድርገው «እንደገና» ይላሉ። ሌላ ቃል የላቸውም።

ሾፕ የገቡትስ ምን ይሠሩ ነበር? የእንጨት መተርኮሻ! እንጨት ላይ እሳት! ሰፈሩ ውስጥ መተርኮሻ ያልደረሰው አባወራ የለም፣ ሲጋራ የማያጨሰውም ጭምር። የኔ አባት ብቻ ቀረበት።

አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ጎረቤቶቹ «ያንተስ ልጅ ምን ሠራልህ?» ሲሉት ዝም ይላል። አንድ ቀን የጠለፍኩትን መሐረብ አየና ዝምታው አለቀ። ወንድ ልጅ ወልጄ አበባ ይጥለፍልኝ? ነገ ሄጄ አስወጣዋለሁ፣ ሾፕ ካላስገቡት ትምህርት ቤቱም ይቅርበት አለ። እናቴ ልታበርደው ሞከረች። ማን ሰምቷት!

እኔ ግን መውጣት አልፈልግም ነበር። ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤ የኔ ጣቴ ላይ ነበር። በሌላው ትምህርት ጎበዝ ተብዬ አላውቅም። ቲቸር የሺ ግን አንድ ቀን ስፌቴን አይተው፣ ምንም ሳይሉ አለፉኝ። ለኔ ይሄ ሽልማት ነበር።

በማግስቱ አባቴ ያችኑ አንድ ሱፉን ለብሶ ክፍላችን ከች አለ። ቲቸር የሺ «ይቀመጡ እንጂ ጋሼ» ብለው በርጩማ አቀረቡለት። በርጩማውን የሠሩት የሾፕ ልጆች ናቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ገና ቁጭ ሲል፣ በርጩማው አንዱን እግሩን ወደ ቡልጋሪያ፣ ሌላውን ወደ ስታዲየም ዘረጋው። አባቴ መሬት ላይ። ሲነሳ ደግሞ አንዲት ሚስማር ሱሪውን ከኋላው ይዛ ቀረች። ትርርር!

ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ ሁሉ የሚጠልፉትን ጨርቅ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ነበራ!

ቲቸር የሺ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ከግድግዳው ላይ አበባ አበባ ያለበት ሽርጥ አውርደው ሰጡት። አባቴ መጋረጃ ጀርባ ገብቶ ሱሪውን በላይ አቀበለ። እሳቸው ተቀብለው ለኔ ሰጡኝ።

«ማን ሊሰፋው ነው?» አለ አባቴ ከመጋረጃው ኋላ።

«ልጅዎ» አሉ ቲቸር የሺ።

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንታየሁ» አለኝ።

«አቤት አባዬ።»

«ጠበቅ አድርገህ። በካዛንቺስ መሀል ነው የምሄደው።»

መጀመሪያ የሰፋሁትን ራሴው ተረተርኩት። ከዚያ ሱፉን የሚመስል ክር መርጬ፣ ከውስጥ በኩል፣ ክሩ ወደ ውጭ ብቅ እንዳይል ቀስ እያልኩ ጨረስኩ። ቲቸር የሺ መስኮቱ ጋ ወስደው አገላብጠው አዩት። «እንደገና» አላሉም።

አባቴ ለብሶ ወጣ። ኋላውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገ። የቱ ጋ ነበር የተቀደደው ብሎ ዞሮ ሊያይ ሞከረ። እንዴት ይታየው! ከዚያ ራሴን ዳበሰኝና ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ አቀና። በቃ፣ ሊያስወጣኝ ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

የሆነውን የነገሩን ቲቸር የሺ ናቸው። አባቴ ገብቶ፣ እጅ ነስቶ፣ «የኔ ልጅ እዚያው ይቆይ» አለ አሉ። «ያንን በርጩማ የሠራውን ልጅ ግን ፈልጋችሁ ወደ ስፌት አምጡት።»

እውነትም አመጡት! ያሬድ የሚባል የጎረቤታችን ልጅ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ ጣቱን ሲወጋ ከረመ። ሾፕ ቦታ ተገኝቷል ግባ ብለውኝም ነበር። ምን ሞኝ አለ! አባቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚያ ወዲህ ልጅህ ምን ይማራል ሲሉት ደረቱን ነፍቶ «ቴክኒክ!» ይል ነበር።

ዛሬ ሰፈራችን ፈርሶ ጎረቤቱ ሁሉ ተበታትኗል። ያሬድን ግን በቅርቡ ቡልጋሪያ ሰፈር አገኘሁት። ትልቅ የሶፋ ቤት ከፍቷል። ጨርቁን በገዛ እጁ ነው የሚያለብሰው፤ ስፌቱ ልቅም ያለ ነው። አቅፎ ስሞኝ፣ ቁጭ በል እንጂ ብሎ አንዱን ሶፋ አሳየኝ። ከመቀመጤ በፊት፣ እንጨቱንም አንተ ነህ የምትሠራው ብዬ ጠየቅኩት።

«ኧረ በስመአብ!» አለኝ። «የአንድ ሰው አባት መጣሌ አይበቃም?»