በበረዶ ሳጥን የተፈረደበት ሰሊጥ

«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰውዬ ሰሊጥ አልነበረውም! ቢኖረው ኖሮ «የተማረ ከማሳዬ ይራቅልኝ» ይል ነበር።

እኔ ኮኪት ከተማ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ በተከራየኋት ቁራጭ መሬት ሰሊጥ እዘራለሁ። ዘንድሮ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በቁሙ ተከምሮ ፀሐይ እየመታው ሳለ አንድ ነገር አነበብሁ። ተመራማሪዎች ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ ያንቀጠቅጣሉ አሉ። የማትታይ ቅንጣት ብታርፍባት እንኳ ንዝረቷ ይለወጣል፤ በዚያ ያውቃሉ። ሙቀት ካለ ግን ሽቦዋ በገዛ ራሷ እየተንቀጠቀጠች ወሬውን ታደበላልቀዋለች። ስለዚህ በረዶን ራሱን ብርድ ብርድ በሚያሰኝ ቅዝቃዜ ውስጥ ያኖሯታል።

አንባቢዬ ሆይ፣ እዚህ ጋ ንባቡን ማቆም ነበረብኝ...

ሰሊጥ ሲደርቅ ይቀላል አይደል? ሽቦ ወጠርሁና አንድ የሰሊጥ ዛላ አንጠለጠልሁበት። ዛላው ሲቀል የሽቦው ድምፅ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ እናራግፋለን! ሙቀት እንዳያሳስተው ደግሞ ሽቦውን ከነዛላው በረዶ የሞላ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ከተትሁት።

ከቀናት በኋላ ከጎጃም ለአጨዳ የመጡት አያ ደሴ ክምሩን ወዝወዝ አድርገው አዳመጡ።

«መምህር፣ ይንሿሿል። ዛላው አፉን ከፍቷል፤ ዛሬውኑ ሸራ ላይ እናራግፈው።»

«ይጠብቁ አያ ደሴ፣ ሽቦው ገና ነው ይላል።»

«ሽቦው ማጭድ ይዞ ያውቃል?»

«ሳይንስ ነው እኮ!»

«እንግዲያ ለነፋሱም ይንገሩልኛ!»

በረዶ እየጨመርሁ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ሽቦው ያው «ገና» ነው። በአራተኛው ቀን ነፋስ መጣ... ኧረ ጉድ! የዓመት ቀለባችን መሬት ላይ ተዘርቶ ለወፍና ለጉንዳን ድግስ ሆነ። ክምሩ ውስጥ ባዶ አገዳ ቀረ። ባለቤቴ አየችና ባዶውን ጆንያ አጣጥፋ ወደ ቤት መለሰች፤ ይህ ከስድብ ባሰብኝ። አለቀስሁ ብል አላፍርም።

አያ ደሴ ሄደው ሳጥኑን ከፈቱት። ዛላው እርጥብ፣ ለምለም!

«ሽቦዎስ ሀቀኛ ነው» አሉ። «የተቀመጠበትን ቤት ነው የመሰከረ።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው! ጉዳቴን ላስመዘግብ ገንዳ ውሃ ከተማ ወርጄ አንድ የግብርና ቢሮ ገባሁ። ውጭው እሳት ነው፤ ውስጥ ማቀዝቀዣው እንደ ጉድ ይነፍሳል፤ ባለሙያው ሹራብ ደርቧል። ማመልከቻዬን አንብቦ እጆቹን እያሻሸ ቀና አለ።

«መምህር፣ በዚህ ብርድ ሰሊጥ እንዴት ሊደርቅ ቻለ?»