ዳማ እልልታ ሲሰማ

እኛ አገር ሰው ፈረስ ይጋልባል የሚላችሁ ካለ እንዳታምኑት! በአዊ ምድር ፈረሱ ነው ሰውን የሚጋልበው። ምስክር ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ… መቀመጫዬም አለ!

አክስቴ እታፈራሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የፖሊዮ ዘመቻ ሲመጣ "ነይ፣ ቀለም ትቀቢልኛለሽ" አለችኝ። ጠብታውን የወሰደ ልጅ ትንሿ ጣቱ ላይ ምልክት ይደረግበታላ! እንዲህ አድርጌ የቀለም ሰው ሆንኩላችሁ።

የምንሄድባት ከቆሰበር ወጣ ያለች ጎጥ ባለፈው ዘመቻ አክስቴን አምልጣታለች። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጫታል። "ልምሻ ከዓለም ሁሉ ተባሮ መደበቂያ ሲያጣ እኔ ጎጥ ውስጥ ቢገኝ ምን ይውጠኛል? ዛሬ አንድም ልጅ አይቀረኝም!" ብላ ምላለች።

ባጃጅ እዚያ ስለማይደርስ አጎቴ ጋሼ ይስማው ፈረሳቸውን ዳማን አዋሱን።

"አመል የለውም ጋሼ?"

"ዳማ? ዲያቆን በይው! ደግሞ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ምን ያስፈራሻል?"

አንዲት ነገር ብቻ ሳይነግሩኝ ቀሩ… ዳማ ዕድሜውን ሙሉ ሙሽራ ሲያጅብ የኖረ ፈረስ ነው!

ጎጧ ስንደርስ አንዱ ቤት ዝግ፣ ቀጣዩም ዝግ… የሚጮህብን ውሻ እንኳ አጣን። የክትባት ሳጥኑ በረዶ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። አክስቴ ግንባሯን ይዛ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ሳጥኑን ታቅፌ ዳማ ላይ እንደ ደጃዝማች ተኮፍሻለሁ።

ይሄኔ ከጉብታው ማዶ "እልልልል!"

የዳማ ጆሮ ቆመ። እሱ ራሱም ቢቆም ምናለበት… በረረ እንጂ!

"ያዥው! አንቺ ልጅ ያዥው!"

ማን ማንን ነው የሚይዘው? አንድ እጄ ጋማው ላይ፣ አንድ እጄ ሳጥኑ ላይ፣ አፌ "ጊዮርጊስ!" እያለ ሰርግ ዳስ ደጃፍ ገጭ! ሰርገኛው የክብር እንግዳ የመጣ መስሎት እልልታውን አቀለጠው። ዳማም እጅ የሚነሳ ይመስል አንገቱን ዝቅ ከፍ ያደርጋል።

ጭራ የያዙ አዛውንት ጠጋ አሉኝ። "ልጄ፣ ከወንድ ወገን ነሽ ከሴት ወገን?"

"ከ… ከፖሊዮ ወገን!"

ቀና ብዬ ባይ፣ ለካ የጎጧ ልጅ ሁሉ ዳሱ ውስጥ ተኮልኩሎ ይጎርሳል! አክስቴ እያለከለከች ደርሳ ሳጥኑን ከፈተች። በረዶው አልቀለጠም! "እሰይ! ሚዜዎች፣ ልጆቹን አሰልፉልኝ!"

ሙሽራው ተረሳ። እሷ ጠብታ፣ እኔ ጣት… በመጨረሻ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ባለ ጭራው!

"አባባ፣ ይሄ እኮ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ነው።"

"እኔስ ብሆን ትንሽ ነው ያለፍኩት!"

የቀረ ልጅ አልነበረም። የተረፈችውን ቀለም ታዲያ የት ላድርጋት? ማታ ጋሼ ይስማው ወይን ጠጅ የሆነውን ሰኮና ሲያዩ ጮኹ።

"ፈረሴን ምን አደረጋችሁት!"

"ፈረስ አይዋጋም ብለውኝ አልነበር ጋሼ? ይኸው ዘምቶ መጣልዎ!"